አባቴ እርስዎ ያለኝ ቀን

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ያለኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ግቢያችን ውስጥ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቼለት ነበር። ሻይ ይዤለት ስመጣ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና አንገቱን ሰበር አድርጎ፣

«እግዜር ይስጥልኝ። ለምን ይቸገራሉ? እርስዎ ይቀመጡ እንጂ» አለኝ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። ሰው የገባ መስሎኝ ነበር። ማንም የለም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ ፈገግ ብሎ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ስሙ የጠፋበትን ደንበኛ ላለማሳፈር የሚጠቀምበት ነው። ሻዩን ቀመስ አደረገና «እጅዎ ይጣፍጣል» ብሎ አመሰገነኝ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ግድግዳውን እያየሁ ቆምኩ። ስወጣ ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ እሱም እንቅልፍ ወስዶታል።

በእኛ ቤት አባትን አንቱ ማለት አልነበረም። አባዬ፣ አንተ፣ እያልን ነው ያደግነው። እሱም ሲቆጣኝ አንቺ፣ ሲያቆላምጠኝ አንቺ፣ ከመንገድ ማዶ ሲጠራኝ «አንቺዬ!» ነበር። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ አግብቼ የፈታሁ፣ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ያ አንቺ እስካለ ድረስ ግን የቤቱ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እርስዎ ክብር ነው ይባላል። ከአባት አፍ ሲወጣ በር መዝጋት ነው።

አባቴ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ከሶፊ ጫት ይዞ የወጣ ገበሬ በኦሮምኛ ያወራዋል፣ የጀጎል ነጋዴ በሐረሪኛ፣ ወታደሩ በአማርኛ። እሱ ለሁሉም እንደየአፋቸው እየመለሰ መቀሱን ሳያቆም ይሠራል። ማታ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ እጁን ራሴ ላይ ያሳርፍና ጸጉሬን በጣቶቹ ይፈትሻል። ሰላምታው ይሄው ነበር። ከእጁ የአልኮልና የሳሙና ሽታ ይመጣል። የተወለደው ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ወላጆቹ ከአንድ የሐረሪ ቤተሰብ በተከራዩት ክፍል ነው። እኛ ያደግንበትን፣ ከሸዋ በር ውጭ ያለውን ቤት፣ እናቴን ሲያገባ ሠራው።

መርሳት የጀመረው እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ወይም ቀደም ብሎ ጀምሮት እሷ ስትሸፍንለት ኖራ ይሆናል። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋበት፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቀኑ። እኔም ብቻውን እንዳይሆን ዕቃዬን ይዤ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስሄድ ጎረቤታችን መጥታ አብራው ትቀመጣለች፤ ከምሳ በኋላ እኔ እተካታለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር፣ ብድግ ይልና ኮቱን ይለብሳል።

«በሉ እንግዲህ፣ ውዬ ውዬ አሰለቸኋችሁ። ቤቴ ልሂድ።»

«ቤትህ እኮ ነው፣ አባዬ። ይኸው አልጋህ። ይኸው የእማዬ ፎቶ።»

ቀረብ ብሎ ፎቶውን ያየዋል። «ቆንጆ ሴት ናት። ዘመድዎ ናት?»

ይሄን ጊዜ ነው የምቃጠለው። እጁን ይዤ ክፍል ለክፍል አዞረዋለሁ። ይሄን መስኮት አንተ አይደለህ ያስገባኸው? ይሄን ዛፍ አንተ አይደለህ የተከልከው? ዝም ብሎ ይከተለኛል፤ ስጨርስ «ደግ ነው። አሁን ቤቴ ልሂድ» ይላል። የግቢውን በር ስቆልፍበት ብረቱን ይዞ ይነቀንቃል፤ «ክፈቱልኝ ሰዎች! እናቴ ትጠብቀኛለች!» እያለ ይጮሃል። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። አባቷን አስራ የምታስቀምጥ ልጅ ሊሉኝ ነው ብዬ እሳቀቃለሁ።

አዲስ አበባ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ስደውልለት «አርሚው እንጂ» ይለኛል። «ደጋግመሽ ንገሪው፣ ያስታውሳል።» አረምኩት። እንደ ተማሪ አስቀምጬ ጠየቅኩት፣ ማን ነኝ? የት ነን? እናቴ ማን ትባላለች? ግራ ሲገባው ላብ ግንባሩ ላይ ይወጣል። እኔም ሳላባራ እቀጥላለሁ።

በዚያ ሰሞን ውስጤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሮ ነበር፦ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። መድኃኒት ቤት ሆኜ የሐኪም ማዘዣ ሳነብ ይመጣል። ባጃጅ ላይ ስወጣ ይመጣል። ምሳ ሳቀርብለት ይመጣል። ባባረርኩት ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ያልቆሸሸ ዕቃ አጥቤ፣ ከሰው ጋር ተጣልቼ ላመልጠው ሞከርኩ። ተኝቼ ጥርሴን እንደማፋጭ ያወቅሁት አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ተሰንጥቆ ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ ለአንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ እያስረዳሁ ሳለ ልቤ በኃይል ይመታ ጀመር። ባንኮኒውን ይዤ ተንጠለጠልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ወረቀቱን አየት አድርጋ «ልብዎ ደህና ነው» አለችኝ። «የደም ግፊትዎ ግን ከፍ ብሏል። እርስዎ ቤት ውስጥ የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?»

«እባክሽ አንቺ በይኝ» አልኳት፤ ማልቀስም ጀመርኩ።

ደነገጠች። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች። «እሺ። አንቺ። ንገሪኝ።»

ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ቤቴ ልሂድ ሲልሽ፣ አንቺ ሳትመልሺለት በፊት ውስጥሽ ምን ይላል?»

«እንዲህ መሆን አልነበረበትም ይላል።»

«የት ነው የሚሰማሽ?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ መሰለኝ። ሐሳብ የት ይሰማል? ግን እጄ ሳላዘው ወደ አገጬ ሄደ። መንጋጋዬ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር።

«አባሪው አልልሽም፣ አይባረርም» አለችኝ። «ሲመጣ እይውና በልብሽ መጣ በይ። ከዚያ መንጋጋሽን ልብ በይው። ፍቺው ብዬም አላዝሽም፤ መጠጠሩን ብቻ እወቂለት። የምትታገዪው ከአባትሽ ጋር አይመስለኝም። ከሆነው ነገር ጋር ነው።»

«ስለዚህ ይርሳኝ? እሺ ብዬ ልቀመጥ?»

«ረስቶሻል እኮ» አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። «የሚያደክምሽ በየቀኑ እንዳልረሳሽ ለማድረግ መታገልሽ ነው።»

ተናደድኩባት። እናት አባቷ በጤና ያሉላት ልጅ ይሄን ለመናገር ምን ይከብዳታል ብዬ፣ ያዘዘችልኝን ክኒን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ምክሯን ልሞክር ብዬ አልነበረም። ከቀናት በኋላ ግቢ ውስጥ የአባቴን ሸሚዝ ሳጥብ ያ ዓረፍተ ነገር እንደ ልማዱ መጣ። አንገትጌውን እያሸሁ ነበር። እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ሳላስበው «መጣ» አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። ወዲያው መንጋጋዬ ታወቀኝ። ጥርሶቼ ተነካክሰዋል፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። ምንም አላደረግኩም፤ ሸሚዙን እንደያዝኩ ዝም ብዬ አየሁት። ትንሽ ቆይቶ መንጋጋዬ ላላ። ያን ጊዜ ሰላም ይመጣል ብዬ ጠብቄ ከሆነ እንጃ፤ የመጣው ናፍቆት ነው። ለካ ከዚያ ሁሉ ንዴት ሥር ተቀምጦ ኖሯል። አባቴ በረንዳው ላይ፣ እጄን ብዘረጋ በምነካው ቦታ ተቀምጦ፣ ናፈቀኝ። ያ ከመንገድ ማዶ «አንቺዬ!» የሚለው ሰው ናፈቀኝ። ሸሚዙ ላይ አለቀስኩ። ለወራት ሳለቅስ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስናደድ ነበር እንጂ አላለቀስኩም።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ተነሳ። ኮቱን ለበሰ። «ቤቴ ልሂድ» አለ። ዓረፍተ ነገሩ መጣ፤ መጣ አልኩት። መንጋጋዬ ጠበቀ፤ ጠበቀ አልኩ። ከዚያ፣

«እሺ፣ ይሂዱ። እኔም አብሬዎት ልምጣ?» አልኩት። አባቴን እርስዎ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ፊቱ በራ። «ደስ ይለኛል» ብሎ ክንዱን ሰጠኝ።

ወዴት እንደምንሄድ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ትጠብቀኛለች የሚል ሰው የሚፈልገው ያደገበትን ቤት ነው፤ ፈላና በር ነው። በሸዋ በር ገባን። ገበያተኛው መሃል ቀስ እያልን፣ እሱ ለማያውቃቸው ሁሉ ባርኔጣውን እያነሳ፣ ፈረስ መጋላ ደረስን። የድሮ ጸጉር ቤቱ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። አጠገቡ ስናልፍ ቆመና መስታወቱ ላይ ራሱን አየ፤ ጆሮው አካባቢ የተነሳችውን ጸጉር በሁለት ጣቱ ደልድሎ መንገዱን ቀጠለ። ጸጉር ቤቱን አላወቀውም። እኔ ግን በልቤ፣ ፈላና በር ሲደርስ ያውቃል፣ እያልኩ ነበር። ያንን ቤት ካወቀ እኔንም ያውቀኛል። ተስፋዬ በየመታጠፊያው ያድግ ነበር።

የግቢውን በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። የከፈቱልን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ የቤቱ ባለቤቶች ልጅ፣ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ። እኔ በልጅነቴ ለዒድ ስንመጣ አይቻቸዋለሁ። እሱን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ሱብሃነላህ! የእኛ ልጅ አይደለም እንዴ? ወላሂ እሱ ነው! ግቡ፣ ግቡ።»

በሹክሹክታ ነገሩን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና አባቴን እጁን ይዘው በቀይ አፈር የተቀባው መደብ ላይ አስቀመጡት። አባቴ ጣራውን፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሳህኖች፣ በሩን፣ አንድ በአንድ አየ።

«ቤትዎ ያምራል» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በጆሮዬ፣ «ይሄ አይደለም። ሰዎቹ እንዳይቀየሙ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ።

እዚያ መደብ ላይ ሁሉም ነገር ከዳኝ። ለካ ተውኩት ብዬ ስኩራራ አልተውኩም ነበር። ከፈጣሪም ከሐኪሟም ጋር በልቤ ተዋውዬ ነበር፤ እኔ ትግሌን ብተው አባቴ ይመለስልኛል የሚል ውል። እርስዎ ያልኩት አንቺ እንዲለኝ ነው። መንጋጋዬ እንደገና ጠጠረ። ይሄኛውንም፣ እያፈርኩ፣ መጣ አልኩት።

ሴትዮዋ በሐረሪኛ ያወሩት ጀመር። እሱም በዚያው ቋንቋ፣ ቃል ሳይቸገር መለሰላቸው። የሆነ ነገር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፤ አባቴ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ሐረሪኛዬ ከሰላምታ አያልፍምና «ምን ብሎ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «ጫፉ ጠፋብኝ። እሱ ሲስቅ ሳቄ መጣ።»

እኔም ሳቅኩ። ምንም አልተገኘም፣ አባቴም ማንንም አላወቀም፤ ሦስታችንም እየሳቅን ነበር።

ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ መግሪብ ተሰግዶ ሱቆቹ መብራት አብርተዋል። ደክሞት ክንዴ ላይ ከበደ። የራሳችን ግቢ በር ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

የአንተ ነው የሚለው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንደ ድሮው፣ ከነንዴቱ። አየሁት። አለፈ አልልም፣ እዚያው እንዳለ፣

«የእኔ ነው» አልኩት። «አሁን መሽቷል፤ ዛሬ እኔ ጋ ይደሩ። ነገ ደግሞ አብረን እንፈልጋለን።»

«አላስቸግርም?»

«ኧረ በፍጹም። እንግዳ ናፍቆኛል።»

ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ራቱን በላ፣ «ቤትዎን ይባርክልዎት» ብሎ መረቀኝ፣ ያሳየሁት አልጋ ላይ ተኛ። በሩን የነቀነቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከሰዓታችን ይሄው ሆነ። አሥር ሰዓት ሲሆን እንወጣለን፤ አንድ ቀን ወደ ገበያው፣ አንድ ቀን ግንቡን ይዘን፤ ሲደክመው እንመለስና በእንግድነት አስገባዋለሁ። ሁልጊዜ ተሳክቶልኛል ብዬ አልዋሽም። ዝናብ ያገደን ቀን፣ እኔ አመም ያደረገኝ ቀን፣ «ቤትህ ነው አልኩህ እኮ!» ብዬ የጮህኩበት ቀን አለ። ጮኼ ስጨርስም መንጋጋዬ ይታወቀኝ ነበር። ግፊቴ ወረደ፤ በክኒኑ ይሁን በምኑ አላውቅም። ናፍቆቱ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም የሚያባርረው ስላጣ፣ በቤቱ ውስጥ በነፃነት ይመላለስ ጀመር።

አንድ ከሰዓት ጸጉሬን ታጥቤ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ከወንበሩ ተነሳና ከኋላዬ ቆመ። ጣቶቹን ጸጉሬ ውስጥ አስገባና፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ እንደ ድሮው ፈተሸው። አልተነቃነቅኩም።

«ጫፉ ተሰባብሯል» አለ። «ማን ነበር የሚያስተካክልዎት?»

«አባቴ።»

«ጥሩ እጅ ነበረው?»

«በጣም።»

«ይኑርልዎት» አለኝ፤ መቀስም አምጡልኝ አለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ፈራሁ። ፍርሃቱንም አየሁት፤ ከዚያ ተነስቼ መቀሱን አመጣሁለት። መቀሱን ሲይዝ መንቀጥቀጡ ቆመ። በጣም ትንሽ፣ ጫፍ ጫፉን ቆረጠልኝ። ልጄ ይበለኝ ብዬ ተመኘሁ። አላለኝም። ትከሻዬ ላይ የቀረውን ጸጉር በእጁ አራግፎልኝ ሄዶ ተቀመጠ።

አባቴ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጠዋት በእንቅልፉ አረፈ። እኚያ የፈላና በር እናት ለልቅሶ መጥተው ከሴቶቹ መሃል ብዙ ተቀመጡ። ከቀብሩ በኋላ ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በቀብሩ አላለቀሰም። ድንኳን አስተከለ፣ እንግዳ ተቀበለ፣ ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው አለው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ምሳ እያዘጋጀሁ ደወለልኝ። ስለ ቤቱ ጣራ ሊጠይቀኝ ነበር፤ ቆርቆሮው መቀየር አለበት አለኝ። መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። «አርሚው ያልኩሽ እኮ» እያለ፣ የቀረው ቃል ሳይገባኝ። አይዞህ፣ በቃ፣ አታልቅስ ልለው አፌን ከፈትኩ። ያም መጣ፤ አየሁት። ድስቱን ከእሳት አወረድኩና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እሰማዋለሁ። ከውጭ የልጆች ጫጫታ ይመጣል።

«አለሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«አለሁ» አልኩት።